ወደ ሰቨን ሲስተርስ ገደል ሰው ከመጥራታችሁ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልን። ሰመር በገባ ቁጥር በለንደንና በአካባቢዋ ያሉ ማኅበራት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጓደኛሞች ስብስቦች ወደ ደቡቡ ባሕር ዳርቻ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ያዘጋጃሉ። ጥሪዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ቀኑ፣ የመነሻ ሰዓቱ፣ የሚዋጣው ገንዘብ፣ «ምሳ ይዛችሁ ኑ»። መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ነፋስ ቢበረታ ምን እንደሚደረግ፣ ስንት ሰው በስንት መሪ እንደሚሄድ የሚናገር ጥሪ ግን እምብዛም አይታይም። እኛ በዚህ መስመር ሰው የምንመራ ነን። ጉዞው ይቅር አንልም። የምንለው፣ ከባቡሩ ሰዓት በፊት ነፋሱ ይታይ ነው። ጥሪ የምታትሙ እናንተም እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳይዝ የመጣን ማስታወቂያ መልሳችሁ ብትጠይቁ መልካም ነው።

ሰው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ በምሥራቅ ሳሴክስ ወዳለው የሰቨን ሲስተርስ ነጭ ገደል ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ከቪክቶሪያ ጣቢያ ተነስቶ ሉዊስ ላይ ባቡር ቀይሮ ሲፎርድ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል፤ ለመመለሻም ከኢስትቦርን ባቡር አለ። ከሲፎርድ እስከ ኢስትቦርን በእግር ወደ 22 ኪሎ ሜትር ነው። በካርታ ሲያዩት ባሕሩን በቀኝ ይዞ መሄድ ብቻ ይመስላል። እግር ላይ ሲሆን ግን መጀመሪያ ሲፎርድ ሄድ የተባለውን ኮረብታ ትወጣላችሁ፣ እስከ ባሕሩ ወለል ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ 77 ሜትር ከፍታ ያለውን፣ ሄቨን ብራው የተባለውን ጉብታ ትወጣላችሁ፣ ከዚያም ሽቅብ ቁልቁል፣ ሽቅብ ቁልቁል ነው። ስሙ ሰባት እህትማማቾች ይበል እንጂ ለቆጠረው ሰው ጉብታዎቹ ስምንት ናቸው፤ ሰባተኛው ላይ «አለቀ» ብላችሁ ለቡድኑ እንዳትነግሩ። በመጨረሻ፣ ሁሉም ሰው ከደከመ በኋላ፣ 162 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ቢቺ ሄድ የተባለው ገደል አለ። ሽቅቡ ሁሉ ቢደመር ወደ 500 ሜትር ይሆናል። እንጦጦን የለመደ ሰው አቀበቱ አያስጨንቀውም፤ ጉልበት የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው፤ በተለይ ዝናብ ከጣለ። ድንጋዩ ጠመኔ ነው። ጠመኔ ሲርስ ይሟልጫል፣ ከጫማ ሥር ተለጥፎም የጫማውን ጥርስ ይደፍነዋል። ለስላሳ ሶል ያለው ስኒከር ያደረገ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። 15 ሰው ያለበት ቡድን ከእረፍቱ ጋር ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይፈጅበታል። በታኅሣሥ ፀሐይ እዚያ ከቀኑ 4 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ሙሉው መስመር የሰመር ነው። (4 ሰዓት ያልነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ያለው ሰዓት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደዚያው ነው። በጥሪያችሁም ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ፤ «3 ሰዓት» ብሎ ያነበበ ሰው ከሰዓት በኋላ ቪክቶሪያ ቢገኝ አይፈረድበትም።)

አሁን ወደ ነፋሱ። በዚህ ዳርቻ የሚበዛው ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነው። ከሲፎርድ ወደ ኢስትቦርን የሚሄድ ሰው ከኋላውና ከቀኝ ጎኑ ያገኘዋል፤ ከኢስትቦርን የተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ፊቱን እየተመታ ይውላል። ብዙ አዘጋጆች አቅጣጫውን የሚመርጡት በባቡር ትኬቱ ዋጋ ነው። ያ የሚያድነው ጥቂት ፓውንድ ነው፤ የሚያስከፍለው ደግሞ የቡድኑን ጉልበት።

አቅጣጫው ከፍጥነቱ እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ ያሳስበናል። ከባሕሩ በኩል የሚመጣ ነፋስ ሰውን ወደ የብሱ ይገፋል፤ ከሰሜን የሚመጣው ግን ወደ ገደሉ ነው የሚገፋው። በሰዓት 25 ማይል የሚነፍስ የሰሜን ነፋስ ከ35 ማይል የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የበለጠ የሚያስፈራን ለዚህ ነው። የባሕሩም ነፋስ ቢሆን ተንኮል አያጣም። ገደሉን መትቶ ሽቅብ ይወረወራል፤ አፋፉ አጠገብ የቆመ ሰው እሱን ለመቋቋም ሳያውቀው ወደ ባሕሩ ያዘነብላል፤ ነፋሱ በድንገት ጋብ ሲል ተደግፎት የነበረው ነገር ይጠፋና ወደፊት ይንገዳገዳል። ሌላው ሰው የሚዘነጋው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ መሆኑን ነው። የ40 ማይል ነፋስ የ20 ማይሉ እጥፍ አይደለም።

የሜት ኦፊስ (የብሪታንያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት) ትንበያ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ አንዱ የነፋሱ መደበኛ ፍጥነት፣ ሌላው በድንገት ሲበረታ የሚደርስበት ከፍተኛው ነው። የሚወስነው ሁለተኛው ነው። የኢስትቦርን ከተማ ትንበያ ደግሞ የተራራውን ጫፍ አይወክልም፤ ከተማው በኮረብታው ከለላ ሥር ነው፣ ጫፉ ላይ ግን አንድ ዛፍ እንኳ የለም። የምንሠራበት ልክ ይህ ነው፤ ከፍተኛው ከ30 ማይል በታች ከሆነ እንሄዳለን፤ ከ30 እስከ 40 ከሆነ ጎልማሶችንና ልምድ ያላቸውን ብቻ ይዘን ከአፋፉ ርቀን እንሄዳለን፣ ሕፃናትና አረጋውያን ካሉ ግን ወደ ሌላ መስመር እንቀይራለን፤ ከ40 ካለፈ ገደሉ ላይ አንወጣም። ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ ከእያንዳንዱ ቁጥር 10 እንቀንሳለን። ይህ የእኛ ልክ ነው፤ ሌላው መሪ ሌላ ልክ ይኖረው ይሆናል። ዋናው ነገር ልኩ ቀድሞ መጻፉና ማታውኑ መወሰኑ ነው፤ 30 ሰው ባቡር ከተሳፈረ፣ ገንዘቡም ከወጣ በኋላ «ይቅር» የሚል መሪ ብዙ አይገኝም።

መቀየሪያው መስመር ደግሞ የሚያሳፍር አይደለም። ኤክሲት (Exceat) ከምትባለው ድልድይ ተነስቶ የኩክሚርን ወንዝ ወደ ላይ ተከትሎ በሊትሊንግተን በኩል አልፍሪስተን መንደር መግባት ይቻላል፤ አንድ መንገዱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ኮረብታዎቹም ነፋሱን ያበርዱታል። መንደሩ ውስጥ ያለው አሮጌ የካህናት ቤት ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት በ1896 የገዛው የመጀመሪያው ሕንፃ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ይዞ ለመጣ ሰው ከገደሉ ያላነሰ የሚታይ ነገር አለ። ከዝናብ በኋላ የወንዙ ዳር ስለሚጨቀይ ግን ጫማ አይርሱ።

ስለ አፋፉ ረዘም አድርገን እንጻፍ፤ ሰው የሚሞተው እዚያ ነውና። ገደሉ በየጊዜው ይናዳል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ ውርጭ ያሰፋዋል፣ ማዕበሉ ከሥር ይቦረቡራል፤ ከዚያ በጸጥተኛና በደረቅ ቀንም ቢሆን ይወርዳል። ቤል ቱት የሚባለው የድሮ የባሕር መብራት ማማ አፋፉ ስለደረሰበት በ1999 ሙሉ ሕንፃው ተነስቶ 17 ሜትር ወደ ውስጥ ተወስዷል። በርሊንግ ጋፕ በምትባለው የጉብታዎቹ ማብቂያ ላይ ከነበሩት የመደዳ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ሣሩ ሙሉ ሆኖ ይታየዋል፤ ከሥሩ ግን ጠመኔው ተቦርቡሮ ሣሩና ጥቂት አፈር ብቻ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ማወቅ የሚችለው ከባሕር ላይ ሆኖ የሚያይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአፋፉ 5 ሜትር ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ነፋስ ባለበት ቀን 10 ሜትር እንላለን። ከአፋፉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሣሩ ላይ ስንጥቅ ከታየ የሚለካው ከስንጥቁ እንጂ ከጫፉ አይደለም። አብዛኛው ቦታ አጥር የለውም፤ አጥር ቢተከልም ከገደሉ ጋር ስለሚወርድ ትርጉም አይኖረውም።

በ2017 አንዲት ወጣት ተማሪ እዚህ ለፎቶ ስትዘል ወድቃ ሕይወቷ አልፏል። እግርን አፋፉ ላይ አንጠልጥሎ የተነሱትን ፎቶ ለጉዞ ጥሪ ማድመቂያ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ያስቡ። ፎቶ ክልክል ነው አላልንም። እንዲያውም የሰባቱን እህትማማቾች ምርጥ ፎቶ የሚሰጠው ቦታ ገደሎቹ ራሳቸው አይደሉም፤ ከሲፎርድ ሄድ ወርዳችሁ ከወንዙ በምዕራብ በኩል የቆሙት የባሕር ጠባቂዎች ጎጆዎች ጋር ስትደርሱ ሰባቱም ፊት ለፊት ተደርድረው ይታያሉ። የቡድኑን ፎቶ እዚያ፣ ከመንገዱ ሳትወጡ አንሱና ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ አደጋ የሚነሳው ሰው ሳይሆን አንሺው ነው፤ ሁሉንም ላስገባ ብሎ ወደ ኋላው ይሄዳል። ደንቡ አንድ ነው፤ የሚያነሳ ሰው ቆሞ ያነሳል፣ ጀርባውም ምንጊዜም ወደ የብሱ ነው። ሌላም ደንብ አለን፤ የበረረ ነገር አይሳደድም። ኮፍያ፣ ነጠላ፣ የዳቦ ከረጢት ከበረረ በረረ። ሰው ዓይኑን የሚከተለው ዕቃው ላይ ተክሎ ስለሚሮጥ መሬቱን አያይም። ይህን ጠዋት ሲፎርድ ጣቢያ ላይ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ለሕፃናት ብቻ ሳይሆን ለአዋቂዎችም።

ወንዙን በሚመለከት፤ ጎጆዎቹ ጋር ስትደርሱ ሄቨን ብራው ከማዶ፣ በጣም ቅርብ ሆኖ ይታያል፤ ባሕሩ ሲጎድል ደግሞ የወንዙ አፍ በእግር የሚሻገሩት ይመስላል። አትሻገሩት። ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ ፍሰቱ ኃይለኛ ነው፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ነው፤ ተሻግሮ የተሳካለት ሰው እንኳ ቀሪውን 15 ኪሎ ሜትር በረጠበ ጫማ ነፋስ ላይ ይሄዳል። በኤክሲት ድልድይ ዞሮ መምጣት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ያ ርቀት 22ቱ ውስጥ የተቆጠረ ነው። ከገደሉ ሥር በባሕሩ ዳር መሄድም እንዲሁ አይታሰብ። ከኩክሚር እስከ በርሊንግ ጋፕ መውጫ የለም፤ ባሕሩ ሲሞላ ገደሉ ድረስ ይደርሳል፣ ከላይ ደግሞ ድንጋይ ይወርዳል። በርሊንግ ጋፕ ላይ በደረጃው ወርዶ እግር ለመንከር የፈለገ ሰው ደረጃው ክፍት መሆኑንና ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት አስቀድሞ ይይ።

ለአንድ መሪ ከ12 እስከ 15 ሰው በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ቡድኑ ለሁለት ይከፈል፣ ለእያንዳንዱም የፊት መሪና የኋላ ጠባቂ ይኑረው። የኋላ ጠባቂው ሥራ ለደከመ ሰው የሚሰጥ አይደለም፤ ከመሪው ቀጥሎ መንገዱን የሚያውቀው ሰው ነው የሚይዘው። ፊሽካ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚይዘው ግን ማነው? ከሲፎርድ ስትሄዱ ነፋሱ ከኋላ ስለሚመጣ የኋለኛው ሰው ድምፅ ወደ ፊት ይደርሳል፤ የፊተኛው ጩኸት ግን ወደ ኋላ አይሰማም። ስለዚህ ፊሽካው የኋላ ጠባቂው ዘንድ ይሁን፤ መሪው በበኩሉ በየ10 ደቂቃው ዞሮ ይይ። አንድ ፊሽካ «ቁሙ» ማለት ነው። እረፍት ሲደረግ በሁለት ጉብታ መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ መቀመጥ ያጓጓል፤ ነፋሱ ግን እዚያ ተጨምቆ ስለሚያልፍ ከጫፉ ይብሳል። ወደ መሬቱ ወገን ባለው የኮረብታው ጀርባ 50 እርምጃ ገባ ማለት ይሻላል።

መንገድ ላይ ማቋረጥ የሚችልበትን ቦታ ሁሉም ሰው ይወቅ። ኤክሲት ላይ በብራይተንና በኢስትቦርን መካከል የሚመላለሱት የ12 ቁጥር አውቶቡሶች ያልፋሉ። ከጉብታዎቹ መካከል ደግሞ ወደ ውስጥ በክሮውሊንክ በኩል ፍሪስተን የሚያወጣ መንገድ አለ፤ እዚያም ያው አውቶቡስ ይገኛል። በርሊንግ ጋፕ የሚደርሰው አውቶቡስ በሁሉም ቀን ስለማይሠራ ፕሮግራሙ ይታይ፤ ከሌለ ኢስት ዲን መንደር ድረስ 2 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ነው። ለጀማሪ ቡድን ሙሉውን 22 ከመሞከር ከኤክሲት እስከ በርሊንግ ጋፕ ያለው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ጉብታዎቹ ሁሉ ያሉት እሱ ውስጥ ነው።

ስለ ልብስ ብዙ አንልም። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት በግንቦትም ይያዝ፤ 8 ዲግሪ በሆነ አየር 40 ማይል የሚነፍስ ነፋስ 2 ዲግሪ ያህል ሆኖ ነው የሚሰማው። ጃንጥላ ቤት ይቅር። ነጠላና ሰፊ ቀሚስ ነፋስ ይሞላል፤ ነጠላውን ጃኬት ውስጥ ማድረግ፣ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ መልበስ ወይም ቀሚሱን ማሳጠር ይበጃል። መጸዳጃ ቤት ሲፎርድ፣ ኤክሲት፣ በርሊንግ ጋፕና ቢቺ ሄድ ላይ አለ፤ በመካከል ግን ከለላ የሚሆን ቁጥቋጦ እንኳ ስለሌለ መሪው በየቦታው በቂ ጊዜ ይስጥ። ሴቶች መጸዳጃ ፍለጋ እንዳይቸገሩ ብለው ውሃ ሳይጠጡ ይሄዳሉ፤ ራስ ምታቱና ድካሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይያዝ።

ምግቡ ላይ የእኛ ሰው ከማንም የተሻለ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነፋስ ላይ ቆሞ የሚበላ፣ የማይፈስ፣ የማይበላሽ ስንቅ ነው፤ በሶ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከስኳር ጋር ተመትቶ ከየትኛውም የስፖርት መጠጥ አያንስም። እንጀራ በወጥ ግን ለበርሊንግ ጋፕ ጠረጴዛ ይቆይ፤ ነፋስ ላይ ክዳን የተከፈተ የወጥ ሳህን ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16፣ በፈረንጅ ኦገስት 7 እስከ 22፣ ስለሚውል የሰመሩን ምርጥ ቀኖች ይይዛል። በዚያ ሰሞን ጉዞው ቅዳሜ ይሁን፤ ከጥሉላት መከልከሉ እንዳለ ሆኖ ጠዋት ቀምሶ መነሳት ይቻላል። በሥራ ቀን እስከ 9 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚጾም ሰው ባዶ ሆዱን ነፋስ እየገፋው ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ለእሱ አጭሩ መስመር ይመረጥ። በረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው፤ ውሃ ስለማይጠጡ እንዲያውም ይብሳል።

ስልክን በተመለከተ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ገደሉ ላይ ስልካችሁ አንዳንዴ ከባሕሩ ማዶ ያለውን የፈረንሳይ ኔትወርክ ይይዝና «እንኳን ወደ ፈረንሳይ በደህና መጡ» ይላል፤ ሰዓቱም በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የአውቶቡስ ሰዓት በስልኩ የሚከታተል መሪ ያመለጠው ይመስለውና ቡድኑን ያስሮጣል። ሮሚንግ ይዘጋ፣ የእጅ ሰዓትም ይታሰር። አደጋ ከደረሰ 999 ደውላችሁ «ኮስትጋርድ» በሉ፤ ለገደልና ለባሕር የሚመጡት እነሱ ናቸው። የወደቀን ሰው ለማየት አፋፉ ላይ የሚጠጋ ሌላ ሰው እንዳይኖር የኋላ ጠባቂው ሁሉንም ወደ ውስጥ ይሰብስብ። ኔትወርክ ደካማ ሲሆን 999ን በጽሑፍ መልእክት ማግኘት ይቻላል፤ ግን አስቀድሞ ስልኩን ማስመዝገብ ግድ ነው፤ «ሬጂስተር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ ወደ 999 መላክ ነው፤ ቤት ሆናችሁ ጨርሱት።

ከቢቺ ሄድ ወደ ኢስትቦርን የሚወርደው የሣር ቁልቁለት አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ከተማው ስለሚታይ ወጣቶቹ ይሮጣሉ፣ ጉልበታቸው የታመመው ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ቡድን የሚበተነው እዚህ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ ጣቢያው ላይ ሳይሆን ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይደረግ፤ ከዚያ ጣቢያው ድረስ ገና 3 ኪሎ ሜትር ያህል የከተማ መንገድ አለ፣ የጎደለውን ሰው ፍለጋ የሚመለሰውም ቡድኑ ሳይበተን መሆን አለበት። እሑድ የሚጓዝ ቡድን ደግሞ የሐዲድ ጥገና መኖሩን ዋዜማውን ይመልከት፤ ባቡሩ በአውቶቡስ ከተተካ የመመለሻው ሰዓት ይረዝማል፣ ሕፃናት ያሉበት ቡድንም በርሊንግ ጋፕ ላይ ቢያበቃ ይሻለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞ መሪዎች
ለንደን